ብጉሬና ትልቁ መስኮት

ጥር 9

እትዬ፣

ፎቶ ላኪልኝ ላልሽው መልሱ «አልልክም» ነው። ሰላምታው ይደርሳል፤ መጀመሪያ ይሄ ይግባሽ ብዬ ነው።

እሺ፣ አሁን ሰላምታ። እንዴት ነሽ? የካምፑ ኑሮስ እንዴት ነው? ያ ጄኔሬተር አሁንም ጆሮሽን ይበላዋል? እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። እኔም ደህና ነኝ። ማለቴ ከአንገቴ በታች ደህና ነኝ።

«ወፈርሽ እንዴ?» ብለሻል። ምነው በወፈርኩ! ብጉር ነው እትዬ። በሠላሳ አራት ዓመቴ ብጉር! ያኔ በጉርምስናችን አንቺ መስታወት ፊት ቆመሽ ስታለቅሺ እኔ አንድም ሳይወጣብኝ እየሳቅሁብሽ ያለፍኩት ሴትዮ፣ አሁን ከአፌ ዙሪያ ተነስቶ ሁለቱን ጉንጬን ይዞ እስከ አገጬ ወርዷል። ቀይ ነው፣ ያቃጥላል፣ አንዳንዱም መግል ቋጥሯል። ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ እጄ ፊቴ ላይ ይሄዳል፣ ስንት ተጨመረ ብዬ።

ከጀመረ ሦስት ወር ሆኖታል። ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም ብለሽ እንዳትቆጪ። ስልክ በማይደርስበት የመንገድ ሥራ ካምፕ ክሊኒክ ውስጥ መድኃኒት የምታድል እህት፣ በየሁለት ሳምንቱ በስንቅ መኪና በሚሄድ ደብዳቤ ስለ ብጉር ባወራት ምን ታደርገኛለች ብዬ ነው።

ደግሞስ እዚህ ሐኪም መች ጠፋ! ሰው ሁሉ ሐኪም ሆኗል። እማዬ ቸኮሌት ነው ትላለች፤ ቸኮሌት የበላሁት መቼ እንደሆነ እንጃ። ከላይ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን የትራስ ልብስ ነው አለችኝ። በየቀኑ ቀየርኩ፤ ብጉሩ ንጹሕ ትራስ ላይ ተመችቶት ተኛ። ፀጉር ሠሪዬ ሆርሞን ነው ብላ ማለችልኝ። የቴሌቪዥን ጣቢያችን ካሜራማን ሐሳብ ነው አለ፣ የኔ ሐሳብ ግን ራሱ ብጉሩ ነው። የአጎታችን ሚስት ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት «ብታገቢ ይጠፋልሽ ነበር» አለችኝ። «ያንቺ ባል ምን አጠፋልሽ?» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ዝር አላለችም። እማዬ ተቆጥታኛለች፣ ግን ዞር ብላ ስትስቅ አይቻታለሁ።

«ሥራሽስ?» ላልሽው እሱ ነው የከበደኝ። ዜና በምልክት ቋንቋ ሳስተረጉም ሰው በእጄ ብቻ የምሠራ ይመስለዋል። እጄ ቃሉን ይናገራል፤ ቃሉ ሐዘን ይሁን ማስጠንቀቂያ፣ ቀልድ ይሁን ቁጣ የሚናገረው ግን ፊቴ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ስጽፍ፣ በየቢሮው ስሟገት የኖርኩት ለዚህ አይደል? መስማት የተሳናቸው ሰዎች የክብሪት ቀፎ በምታክል የስክሪን ጥግ መስኮት ውስጥ ፊቴን ማየት ስላልቻሉ! እንኳን ደስ ያለሽ በዪኝ፣ ተፈቀደ። ከመጋቢት አንድ ጀምሮ በማታው ዜና የስክሪኑን ሲሶ እይዛለሁ። ሲሶውን እትዬ! እኔ መስኮቱን ሳሰፋ ብጉሩም ተሰናድቶ ይጠብቀኝ ኖሯል።

የፕሮግራም ኃላፊያችንን ታስታውሺዋለሽ? ያ «ይቅርታ» ሳይል አፉን መክፈት የማይችለው። አቶ ይቅርታ ነው የምንለው። ትናንት ቢሮው ጠርቶኝ «ይቅርታ፣ እንዳትቀየሚኝ፣ በትልቁ መስኮት እኮ ተመልካቹ ሁሉንም ነገር ያያል» አለኝ። «ለዚያ እኮ ነው ትልቅ የተደረገው» አልኩት። «ይቅርታ፣ ማስክ ብታደርጊስ?» አለ። ማስክ! የዘፋኝን አፍ በፕላስተር አሽጎ «ዝፈኚ» እንደማለት ነው። ይህንኑ ነገርኩት። ይቅርታ ብሎኝ ሻዩን ጠጣ።

ልብስ ሰፊዬን ታውቂያታለሽ፣ መስማት አትችልም። ሰሞኑን ገና በሯን ሳልፍ መርፌዋን አስቀምጣ በእጇ «ፊትሽን ምን በላው? አስቀያሚ ሆነሻል!» አለችኝ። ሳቄን አፈነዳሁት። እነሱ ዘንድ ያዩትን መናገር ነውር አይደለም፤ ተናግራ ጨርሳ ወደ ልኬቷ ተመለሰች። እኔን የሚያንገበግቡኝ ሌሎቹ ናቸው፣ እያወሩኝ ጆሮዬን የሚያዩት፣ ሊፍት ውስጥ ስገባ የጫማቸውን ክር የሚያጠብቁት።

ቅባቱ እያለቀብኝ ነው። ያንቺን ቅባት ማለቴ ነው። ሲያቃጥለኝ የሚያበርድልኝ እሱ ብቻ ነው። በሞቴ በሹፌሩ ላኪልኝ።

ሚጣ


ጥር 11

ሚጣዬ፣

ሹፌሩ ጭነቱን አራግፎ ሊመለስ ነው፤ በጥድፊያ ስለምጽፍልሽ አትቀየሚኝ። እኔ ደህና ነኝ። እማዬን ጉልበቷን በሞቀ ፎጣ ያዢላት፣ ክኒን እንዳታበዛ ጠብቂያት።

ስለ ሲሶው እንኳን ደስ ያለሽ። እዚህ ለሁሉም ተናገርኩ። ሦስት ዓመት እንዴት እንደለፋሽ የማውቅ እኔ ነኝ፤ ኮርቼብሻለሁ።

ቅባቱን አልላክሁልሽም። አልቆብኝ አይደለም፣ ረስቼም አይደለም። ለምን እንደሆነ አሁን አትጠይቂኝ። እኔ ግን ልጠይቅሽ፣ አንዱንም ሳታልፊ መልሺልኝ። የምትቀቢው ማታ ብቻ ነው ወይስ ጠዋትም? ማሳከኩ ከጠፋልሽ በኋላ አቁመሽ ታውቂያለሽ? አንድ ቀን ሳትቀቢ ብታድሪ ምን ትሆኛለሽ? ሐኪም ዘንድ ሄደሻል? ከሄድሽ ምን እንደምትቀቢ ተጠየቅሽ ወይ? አንቺስ ምን አልሽ?

ባለፈው ዓመት የጻፍሽልኝን ደብዳቤዎች ዛሬ ከሻንጣ አውጥቼ አነበብኳቸው። «ፊቴ አበራ፣ እጅሽ ይባረክ» ብለሽኝ ነበር።

አይዞሽ፣ ምንም አይደለም ማለት ልማዴ ነው፤ በክሊኒኩ መስኮት ለመጣ ሁሉ የምለው እሱን ነው። ላንቺ ግን ዛሬ አልልሽም። ሹፌሩ ጥሩምባውን እየነፋብኝ ነው።

እትዬሽ


ጥር 23

እትዬ፣

የምን መርማሪ ፖሊስ ሆነሽብኝ ነው? ቅባት ላኪልኝ ስልሽ ቃሌን ትቀበያለሽ እንዴ! እኔ እዚህ ብልቃጡን በጣቴ ጥግ ጥጉን እየፋቅሁ ነው። ለአስር ቀን የሚሆን ቢቀረኝ ነው።

እሺ፣ ልመልስልሽ። የዛሬ ዓመት ከስቱዲዮው ፓውደር የተነሳ አፌ ዙሪያ ሲያሳክከኝ ነው የላክሽልኝ፤ ሹፌሩም «ማታ ማታ ትቀባ ብላለች» አለኝ። በሦስት ቀን ድራሹ ጠፋ። ከዚያ በላይ ደግሞ ፊቴ ፏ አለ። እማዬ «ምን ብትቀቢ ነው?» እያለች ዞረችኝ። ታዲያ ለምን ላቁም? ባለቀ ቁጥር ጠየቅሁሽ፣ በጠየቅሁሽ ቁጥር ላክሽልኝ። ይሄ አምስተኛው ብልቃጥ ነው። ብጉሩ ከመጣ ወዲህ ጠዋትም እቀባለሁ፣ ቀዩን ያበርደዋላ። አንድ ቀን ከዘለልኩ በማግስቱ እሳት ነው።

ሐኪም ዘንድም ሄጃለሁ፣ ደስ ይበልሽ። የቆዳ ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፣ ሰው ስታናግር ሰው ታያለች። ደም ሰጠሁ፣ ሆርሞኑ ታየ፣ ደህና ነው ተባለ። እሰይ፣ ፀጉር ሠሪዬ ትስማ! ከዚያ «ፊትሽ ላይ ምን ትቀቢያለሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። «ክሬም? ቅባት? ከሰው ያገኘሽው ነገር?» አለች ደግማ። «ኧረ ምንም! ሳሙናና ውሃ» አልኩ። ያንቺን ቅባት ከመቼ ወዲህ ነው ቅባት ብዬ የምቆጥረው? እሱን የላክሽው አንቺ ነሽ፤ ለኔ ከቤት የመጣ ነገር ነው። ግራ ገብቷት ራሷን እየነቀነቀች መታጠቢያ ነገር ጽፋ ላከችኝ።

አሁን ደግሞ ዋናውን ስሚ። አቶ ይቅርታ ወረቀት አዘጋጅቶ መጣ። «በራሴ ጥያቄ እስኪሻለኝ ድረስ ከስክሪን ዕረፍት እንዲሰጠኝ» ይላል። በራሴ ጥያቄ! እኔ መች ጠየቅሁ? በቦታዬ የሚቀመጥ ሰውም ተገኝቷል፤ የሦስት ወር ኮርስ የጨረሰ፣ ጉንጩ የሚያብለጨልጭ ወጣት። ልጁ አይከፋኝም፣ ቀስ ብሎ ይማራል። ግን እትዬ፣ ከዚያ ወንበር ለአንድ ወር የተነሳ ሰው ተመልሶ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። የአየር ጠባይ ታቀርብ የነበረችው ለወሊድ ወጥታ ዛሬ መዝገብ ቤት ነው ያለችው። መስኮቱን ያሰፋሁት እኔ ነኝ። ፊቴ የሚድን ከሆነ እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ ይዳን።

እስከ የካቲት ሃያ እንድፈርም ጊዜ ሰጥቶኛል። አፍንጫውን ይላስ።

ቅባቱን!

ሚጣ


ጥር 25

ሚጣዬ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። ሰላምታ ሳላበዛ ልንገርሽ።

ፊትሽን እንዲያ ያደረገው የኔ ቅባት ነው።

ውስጡ ስቴሮይድ አለበት፣ ያውም ኃይለኛው። ለጥቂት ቀን ከሆነ ማሳከክን ያጠፋል። ወራት ሙሉ ፊት ላይ ከዋለ ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፣ አፍ ዙሪያና ጉንጭን በብጉር ይሞላዋል። ክፋቱ ደግሞ ሲቀቡት ያበርዳል፣ ሲተዉት ይነድዳል፤ ስለዚህ ሰው መልሶ ይቀባዋል። አንቺ ያደረግሽው ይህንን ነው። ቸኮሌትም አይደለም፣ ትራስም አይደለም፣ ባልም አይደለም።

እዚህ ለሚመጣ ለማንም የመንገድ ሠራተኛ፣ ስሙን እንኳ ለማላውቀው፣ ብልቃጡ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ። ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚቀባ፣ በስንተኛው ቀን እንደሚያቆም። ላንቺ ግን ባዶ የክሬም ብልቃጥ አጥቤ ሞላሁና «ማታ ማታ ትቀባ» አልኩት ሹፌሩን። ለእህቴ ደግሞ ምን ወረቀት ያስፈልጋል ብዬ! ሁለተኛውን ስትጠይቂኝ «ለምን አላቆመችም?» ማለት ነበረብኝ። ሦስተኛውም ላይ፣ አራተኛውም ላይ። ፊቴ አበራ ስትዪኝ ግን ደስ አለኝ፣ ደስ ስላለኝም አልጠየቅሁም። ሥራዬ መጠየቅ ነበር።

ባለፈው ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ገብቶኛል። እርግጠኛ ልሁን ብዬ ነው የጠየቅሁሽ አልኩ ለራሴ። ውሸት ነው፤ ፈርቼሽ ነው።

አሁን ብልቃጡን ይዘሽ ሐኪሟ ዘንድ ሂጂ። ሁሉንም ንገሪያት፣ እንዴት እንደምታቆሚ እሷ ትወስን። ሌላም የማልደብቅሽ ነገር አለ። ሲቆም መጀመሪያ ይብሳል። ለሳምንታት፣ አሁን ካለው እጅግ የባሰ። ከዚያ ነው ቀስ እያለ የሚለቀው፤ ወራት ሊወስድ ይችላል። ቀኑን ቆጥሬዋለሁ፣ መጋቢት አንድ እዚያው መሃሉ ላይ ይወድቃል። ብትቀጥዪበት ለዚያ ቀን ፊትሽ ያምር ይሆናል። እንድትቀጥዪ ግን አንዲት ጠብታ አልልክልሽም።

እትዬሽ


የካቲት 7

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «እትዬ» ብዬ ልጀምር ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ ስለዚህ ዘልዬዋለሁ።

ዓመት ሙሉ! ዓመት ሙሉ በየማታው ከጸሎቴ ቀጥሎ የማደርገው ያንን ነበር። ስቀባው አንቺን አስባለሁ፣ ሩቅ ሆና እንኳ ፊቴን ታሻሽልኛለች እላለሁ። ሰው እንዴት በእህቱ እጅ ይቃጠላል? ደግሞ በልምምጥ ጥያቄ ደርድረሽ ሁለት ሳምንት አስቀባሽኝ! ያን ሁለት ሳምንት መቼም አልረሳልሽም። በጥር አስራ አንድ «አቁሚ» የምትል አንድ ቃል መጻፍ ምን ይከብድ ነበር? ሹፌሩ ጥሩምባ ስለነፋ?

ልንገርሽ፣ ስለ መጋቢት አንድ የጻፍሽውን ካነበብኩ በኋላ ብልቃጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አየሁት። ማታ ማታ ጫፏን ብቻ እየነካሁ ብቆጥበው እስከዚያ ቀን ያደርሰኝ ነበር። ትልቁ መስኮት ላይ ፏ ብዬ ወጥቼ፣ አቶ ይቅርታን ይቅርታ አስብዬ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ይምጣ። አልዋሽሽም፣ ክዳኑን ከፍቼዋለሁ። ከዚያ ደሜ ፈላ። አንድ ጊዜ ተታልዬ የቀባሁት ይበቃል፣ እያወቅሁ ፊቴን ለአቶ ይቅርታ ብዬ አላቃጥልም። እምቢኝ አሻፈረኝ! በማግስቱ ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ ዷ አድርጌ አስቀመጥኩት።

አሽታ፣ አይታ፣ «ይሄን ማን ነው የሰጠሽ?» አለች። «የማላውቀው ሰው» አልኳት። ለምን እንደዋሸሁልሽ አላውቅም፤ ከዚያ ከወጣሁ ጀምሮ በራሴ እንደተናደድኩ ነው። የሚዋጥ መድኃኒት ሰጥታኝ ከዚያን ቀን ወዲህ ምንም አልቀባም። ለእማዬም አልነገርኳትም። ጉልበቷ ላይ ይህን ልጨምርባት ስላልፈለግሁ ነው እንጂ ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ያንን ቅባት ያለ ወረቀት የሰጠሽው ለኔ ብቻ ነው?

ሚጣ


የካቲት 9

ሚጣዬ፣

አይደለም። ካንቲን ውስጥ ለሚሠሩ አራት ሴቶችም ሰጥቻለሁ። የእህትሽ ፊት እንዴት አበራ ብለው ሲጠይቁኝ፣ እነሱም ጓደኞቼ ናቸው ብዬ፣ ያለ ወረቀት። ጥያቄሽ እንደደረሰኝ አራቱንም ሰብስቤ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሁለቱን ብጉሩ ጀምሯቸዋል። አንዷ ብልቃጡን እግሬ ሥር ወረወረችው፤ ደግ አደረገች። ለካምፑ ሐኪምም ራሴው ጽፌ ሰጠሁት። ማስጠንቀቂያ እንደሚጻፍብኝ ነግሮኛል። ከዚህ በኋላ ከክሊኒኩ መስኮት ያለ ወረቀት የሚወጣ ነገር የለም፣ ለእናቴም ቢሆን።

ስለ ሁለቱ ሳምንት ትክክል ነሽ።

ማታ ማታ ካንቲን ውስጥ ቴሌቪዥን ይከፈታል። ዜናው ሊጀምር ሲል ሴቶቹ «እህትሽ ወጣች!» ይሉኛል። እኔ ሳህኔን ይዤ ወደ ውጭ እወጣለሁ። ማየት አልቻልኩም፣ ሚጣዬ።

ፈቃድ ወስጄ ልምጣ? አጠገብሽ ልሁን?

እትዬሽ


የካቲት 21

አትምጪ። መጥተሽ ስታለቅሺ እኔ ላባብልሽ ነው? ለሴቶቹ መናገርሽን ግን ወድጄልሻለሁ። ሁለቱንም ሐኪም ያያቸው፣ ሲብስባቸውም አጠገባቸው ሁኚ፤ ለኔ ያሰብሽውን ለነሱ አድርጊው።

ያልሽው ሁሉ ደርሷል። ፊቴ እሳት ለብሷል ብል ማጋነን አይደለም። አብጧል፣ ይላጣል፣ ስስቅ ይሰነጠቃል። ማንኪያም ጉርሻም አፌ ሲገባ ያመኛል። እማዬ አሁን ስለ ቸኮሌት ማውራት ትታለች፤ አጠገቤ ቁጭ ብላ ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ እየነከረች ትሰጠኛለች። አውቶቡስ ላይ አንዲት ሴትዮ ልጇን ከኔ ወንበር ጎትታ አነሳቻት። «አይተላለፍም!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ አውቶቡሱ ሙሉ እንዲሰማ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዞሬ እኔም አየኋቸው። ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ፤ እንባው ጨው ነውና ጉንጬን አቃጠለኝ፣ እሱም አናደደኝና አቆምኩ።

ትናንት የመፈረሚያው ቀን ነበር። አቶ ይቅርታ ፊቴን ሲያይ ብዕሩን በሁለት እጁ ነው ያቀበለኝ። ፊርማው ቦታ ላይ «ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብዬ ጽፌ መለስኩለት። አንብቦ ወረቀቱን አጠፈው። ከዚያ «ይቅርታ፣ እንግዲያው እኔው እወስናለሁ» አለ፤ ወስኗልም። መጋቢት አንድ የሚቀመጠው ልጁ ነው። ስቱዲዮ ገብቼ ሲለማመድ አየሁት። «ፈገግ በል፣ አዲስ መስኮት ነው፣ ተመልካች ይውደድህ» ይሉታል፣ እሱም ፈገግ ይላል።

እኔ ግን በየቀኑ በሰዓቴ እገባለሁ። የጣቢያው ካንቲን ቁጭ ብዬ ሻይ እጠጣለሁ። ሥራ ላይ ነኝ ብያለሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ።

ሚጣ


መጋቢት 5

እትዬ፣

አዎ፣ እትዬ ብያለሁ። ብዙ አታስቢበት፣ የማወራው ስላለኝ ነው።

የስንቅ መኪናውን ሳትጠብቂ በሌላ መኪና በላክሽው ወረቀት «ምን ደረሰ? ሴቶቹ አንድ ልጅ ወጣ፣ እህትሽን አላየናትም አሉኝ» ብለሻል። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

መጋቢት አንድ ማታ ልጁ ትልቁ መስኮት ላይ ወጣ። የዜናው መጀመሪያ የፍራሽ ፋብሪካው እሳት ነበር፣ ሁለት ሰው የሞተበት። ልጁ ፈገግ በል ተብሏል። ፈገግ እያለ አስተረጎመው እትዬ። እሳት፣ ጭስ፣ ሁለት ሬሳ፣ በፈገግታ! ሲሶ ስክሪን ሙሉ ፈገግታ። የልብስ ሰፊዋ ወንድም እዚያ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። በአንድ በኩል ነበልባል ታያለች፣ በሌላ በኩል የሚስቅ ሰው። ሞተ ነው ወይስ ተረፈ ነው የሚለኝ ብላ ቤቷን ክፍት ትታ በእግሯ እስከ ፋብሪካው ሮጠች። ወንድሟ ደህና ነው፣ ፈረቃው አልነበረም። ግን ያን መንገድ እንዴት እንደሮጠችው አስቢው።

በማግስቱ ጠዋት እሷን ጨምሮ አስራ አንድ ሰው ጣቢያው በር ላይ መጣ። ጥበቃው የሚሉት አልገባውም፣ እነሱም እሱ የሚለው አይሰማቸውም። አቶ ይቅርታ ወረደ። ልጁን ጠሩት፣ ልጁ ይህን ሁሉ የተቆጣ እጅ ሲያይ ፈዘዘ። መጨረሻ ላይ ከካንቲን እኔን ጠሩኝ። ሻዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

ያስተረጎምኩትን ልንገርሽ። አስተርጓሚ የሰማውን ያላንዳች መቀነስ በተናጋሪው ቦታ ሆኖ ይናገራል፤ ሥራችን ይህ ነው፣ አይለሳለስም። ልብስ ሰፊዋ ወደ አቶ ይቅርታ ቀረበች። እጇን አየሁ። ፊቴን ወደሱ መልሼ በሙሉ ድምፄ «ወንድሜ የሞተ መስሎኝ ስሮጥ የናንተ ሰው ይስቅ ነበር» አልኩ። «ይህን ልጅ ውሰዱት፣ ገና ነው» አልኩ። ቀጥላ ያለችውንም አየሁ። ግቢው ውስጥ ያለ የጣቢያው ሠራተኛ ሁሉ በመስኮት ብቅ ብሎ እያየ ነው። ከዚያም አልኩት፦ «ብጉራሟን መልሱልን። ፊቷ ያስጠላል፣ ግን እሷን እናምናታለን።»

ቃሉን አላለሳለስኩም እትዬ። ብጉራሟን መልሱልን! በገዛ አፌ፣ በሰው ሁሉ ፊት። አስራ አንዱም ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ ይቅርታ አንዴ እነሱን አንዴ እኔን አየ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ ጉንጬ ላይ ዐረፈ። «ይቅርታ» አለ። ያንን ግን አላስተረጎምኩለትም፤ ከፊቱ ገብቷቸዋል።

የዚያኑ ዕለት ማታ ገባሁ። «ለአንድ ሳምንት እንሞክር» ነው ያለው፤ እንግዲህ የሱ ነገር እንዲሁ ነው። ሜካፕ የሚሠራውን ለሳኙ ነው የምንለው፣ ግድግዳ የሚለስን ስለሚመስል። እሱ እቴ በፓውደር ላይ ፓውደር ደርቦብኝ «ጉንጭሽን ብዙ አታንቀሳቅሺ፣ ይሰነጠቃል» አለኝ። መስታወት ውስጥ አየሁት፤ ቅንድቤን ሳነሳ ግንባሬ አብሮ ተሰነጠቀ። ቀጥታ ስርጭት ሊጀምር አምስት ደቂቃ ሲቀረው መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሳሙና አጠብኩት። ለሳኙ በሩን እየደበደበ «ሴትዮ አበድሽ?» ይላል። ውሃው አቃጠለኝ። ፊቴን አድርቄ፣ እንዳለ፣ ቀይ እንደሆነ፣ ወጥቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

አጀማመሬ ላይ ስለ ፊቴ አስብ ነበር። ከዚያ የሟቾቹ ቤተሰቦች ታዩ፣ ንግግራቸውን ማስተርጎም ጀመርኩ፣ ስለ ፊቴ ማሰቤን ረሳሁት። እውነቴን ነው፣ ረሳሁት። አርባ ደቂቃ ሙሉ የሌላ ሰው ሐዘን ነበር ፊቴ ላይ።

በማግስቱ አቶ ይቅርታ ጠራኝ። «ይቅርታ፣ ሦስት ተመልካቾች ስለ ፊትሽ ደውለው ቅሬታ አቅርበዋል» አለ። «ከሦስቱ መስማት የማይችሉት ስንት ናቸው?» አልኩት። «እንዴ፣ በስልክ እኮ ነው የደወሉት» አለ። «እኮ» አልኩት። ቆየት ብሎ ገባው። «ሳምንቱ ካለቀ በኋላስ» ብሎ ሊጀምር ሲል «ሳምንቱ ሲያልቅም እዚያው ወንበር ላይ ያገኙኛል» ብዬው ወጣሁ። ልጁንም ከኋላዬ ጠርቼዋለሁ፤ በየቀኑ ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት አስተምረዋለሁ። መጀመሪያ የማስተምረው አለመሳቅ ነው።

ፊቴ ገና ነው። ሐኪሟ ሁለት ወር ሳይሞላ ብዙ አትጠብቂ ብላኛለች። ባለፈው ሳምንት ግን ግራ ጉንጬ ላይ አዲስ አልወጣም፤ ቆጥሬዋለሁ። ለእሷም እውነቱን ነገርኳት፣ እህቴ ናት የሰጠችኝ፣ ፋርማሲስት ናት አልኳት። «ፋርማሲስት ሆና?» አለች። «ፋርማሲስት ሆና፣ እህትም ሆና» አልኳት።

«ይቅር ብለሽኛል?» ላልሽው፣ ገና ነኝ። አልዋሽሽም፣ ጠዋት ጠዋት ስታጠብ አሁንም እርር ድብን እላለሁ። ይለቀኝ ይሆናል፣ እሱም ጊዜውን ይወስዳል። ግን ሳህን ይዞ ወደ ውጭ መውጣት የሚባለውን ነገር አልቀበልም። ይህ ደብዳቤ በሚደርስሽ ዕለት ምሽት ሁለት ሰዓት ሲሆን ካንቲን ግቢ። አራቱን ሴቶች አጠገብሽ አስቀምጪ፣ አንቺ ከፊት ተቀመጪ። ሲሶ ስክሪን ሙሉ የሠራሽው ፊት ነው ያለው፣ እኔም ይዤው እየሠራሁ ነው። ከመጀመሪያው ዜና እስከ መጨረሻው ድረስ እዪኝ። እኔ አላፈርኩበትም፣ አንቺም ዓይንሽን አትስበሪ።

ሚጣ